የኋለኛው ፑሊ

ቦሎኛ የገባሁት በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ጣልያንኛ አላውቅም ብዬ ነበር የማስበው። በሦስተኛው ሳምንት ከአሮጌው የከተማ በር ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የሞተር ጋራዥ ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ከአንድ ስኩተር ጎን ተንበርክኮ ይሠራል። ቀና ብሎ ሳያየኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና «ካቻቪቴ!» አለ። ከጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴውን አንስቼ ሰጠሁት። «ሮንዴላ!» ሰጠሁት። «ዳዶ!» ሰጠሁት። «ሞላ!» ሲል ሞላውን አቀበልኩትና ያን ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ከኋላው የቆመው ሠራተኛው መስሎት ነበር። እኔና እሱ እንደምን ዋልክ መባባል እንኳ ሳንችል የዕቃውን ስም ሁሉ እኩል እናውቅ ነበር።

እኔ ያደግሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ እጄን በነጭ ጋዝ እየታጠብኩ ነው። አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሙያውን የተማሩት ከጣልያን ሜካኒኮች ነበር። ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ግራሶ፣ ቺንጋ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ከጣልያን ጋር መጥቶ ጋራዥ ውስጥ የቀረ ነው። አባቶቻችን ወራሪውን አስወጡት፤ መፍቻውንና የመፍቻውን ስም አስቀሩ። በሐበሻ ጋራዥ ያደገ ልጅ ሳያውቀው ግማሽ ጣልያንኛ ይናገራል። ያ ግማሽ ነው ለእኔ ቦሎኛ ውስጥ እንጀራ የሆነኝ።

ያን ቀን ሰውየው የሚሠራው ስኩተር ግን እኔ የማውቀው ዓይነት አልነበረም። አዲስ አበባ የማውቃት ቬስፓ ማርሿ የግራ እጅ መያዣዋ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ መያዣውን ማዞር ነው። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው የሄሊኮፕተር መሐንዲስ በ1946 እንዲያ አድርጎ ነደፋት። (ከዚህ በኋላ የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ ዓመት ነው የምቆጥረው።) ይኼኛው በግራ በኩል ያለው የፍሬን መያዣ ብቻ ነው። የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የለው፣ የሚዞር ማርሽ የለው። «ካምቢዮስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው በግራ ጎኑ ያለውን ረጅም ክዳን ፈትቶ አሳየኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ጎንበስ ብዬ የኖርኩት በዚያ ክዳን ፊት ነው። ከሥሩ ያለው ዕቃ ከየት እንደመጣ በአማርኛ ተጽፎ አንድም ቀን ስላላየሁ እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ክዳኑ ሲነሳ ሁለት ፑሊዎችና በመካከላቸው የተዘረጋ አንድ ሰፊ ቺንጋ ይታያል። የፊተኛው ፑሊ የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቷል፤ የኋለኛው ከኋላ ጎማ ጋር በፍሪሲዮንና በጥርሶች ይገናኛል። ሁለት ሳህን ጀርባ ለጀርባ ብታጋጥሙ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሸለቆ ነው የቺንጋው ማረፊያ። ሳህኖቹ ሲራራቁ ቺንጋው ወደ ሸለቆው ግርጌ ይወርዳል፤ ሲቀራረቡ እየተገፋ ወደ ጠርዙ ይወጣል። ስኩተሩ ሲነሳ ቺንጋው ከፊት ግርጌ፣ ከኋላ ጠርዝ ላይ ነው፤ ይህ አንደኛ ማርሽ ማለት ነው። በሙሉ ፍጥነት ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ከፊት ጠርዝ፣ ከኋላ ግርጌ ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሚቆጠር ማርሽ የለም፤ ቺንጋው ሳይቋረጥ ይወጣል ይወርዳል።

የፊተኛውን ፑሊ የሚገፋው ከጀርባው የተደበቀ ስድስት ሩሎ ነው። እያንዳንዱ የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል፤ ሚናሬሊ በተባለው የቦሎኛ ፋብሪካ ትናንሽ ሞተሮች ላይ 15 ሚሊሜትር በ12 ነው፤ ውስጡ ብረት፣ ውጩ ጠንካራ ፕላስቲክ። ሞተሩ ዙሩን ሲጨምር ሩሎዎቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፤ በተሠራላቸው ዳገት ላይ እየወጡ ሳህኑን ይገፉታል። ይህን አምስት ደቂቃ ያየ ሰው ሁሉ ይረዳዋል፤ ሰው ሁሉም የሚነካካው እሱን ነው።

የኋለኛውን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ሞላ ሳህኖቹን ለማቀራረብ ዘወትር ይገፋል። ከሞላው ሥር፣ በፑሊው እምብርት ላይ፣ በሰያፍ የተቀደዱ ስንጥቆች አሉ፤ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ አጭር ፒን ይንሸራተታል። ዳገት ሲገጥም ወይም ከኋላ ሰው ሲፈናጠጥ ጎማው ይከብዳል። ቺንጋው በኃይል ሲጎትተው ተንሸራታቹ ሳህን በሰያፉ መንገድ ተጠምዝዞ ወደ ወንድሙ ይጠጋል። ቺንጋው ተጨምቆ ከኋላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፊት ወደ ታች ይሳባል። ማርሹ ቀነሰ ማለት ነው፤ ማንም ሳይነካው። ሩሎው የሚሰማው የሞተሩን ፍጥነት ነው፤ ሸክሙን የሚሰማው ይህ ሰያፍ ስንጥቅ ነው። በመሀል መንገድ፣ ከ30 እስከ 50 ኪሎሜትር ባለው ፍጥነት፣ ስኩተሩ ጉልበት ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ከሁሉ በላይ እሱ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምር ያገኘሁትም ይህንኑ ነው፤ ቺንጋ ላይ የሠሩ ሰዎች ሁሉ የተቸገሩበት ጥያቄ ሸክሙን ለቺንጋው ማን ይንገረው የሚል ነበር።

መነሻው የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነው። በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት ኮሎምበስ በምትባል ከተማ፣ ሚልተን ሪቭስ የተባለ ሰው በ1879 የመጋዙ ፍጥነት እንደ እንጨቱ ሊለዋወጥ አለመቻሉ ብዙ እንጨት እያበላሸ መሆኑን አየ። ለዚያ ብሎ ፑሊዎቹ የሚከፈቱና የሚዘጉ አደረጋቸው። ሸክሙን የሚያየው ሠራተኛው ነው፤ አይቶ እጀታውን ያዞራል። ሪቭስ ኋላ በሠራው ባለሞተር ጋሪ ላይም ይህንኑ ሞከረው።

ወደ ሞተር ሳይክል ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሞተር ሳይክል በአንድ ማርሽና በቺንጋ ይሄድ ነበር፤ ዳገት ሲመጣ ነጂው ወርዶ ጎን ለጎን እየሮጠ ይገፋዋል። ዜኒት የተባለው ፋብሪካ ከ1910 በፊት «ግራዱዋ» ያለውን መላ አወጣ። በነዳጅ ጋኑ ላይ እንደ ቡና መፍጫ ያለ እጀታ አለ። ነጂው እጀታውን ሲያዞር የፊተኛው ፑሊ ይከፈታል ወይም ይዘጋል፤ በዚያው ቅጽበት የኋላ ጎማው ራሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቺንጋውን ያወጥረዋል። በዳገት ውድድር ላይ ግራዱዋን የሚችላት ጠፋ። ተወዳዳሪዎች አጉረመረሙ፤ አዘጋጆቹም ከብዙ ውድድሮች አገዷት። ዜኒት በእገዳው ተናዶ አልተቀመጠም፤ ከእስር ቤት ፍርግርግ ጀርባ የቆመች ሞተር ሳይክል አስሎ «የታገደች» የሚል ጽሑፍ ጨመረበትና የፋብሪካው ዓርማ አደረገው። ይህን ዓርማ መጀመሪያ በአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ባየሁ ጊዜ ለረጅም ሰዓት አተኩሬ ተመልክቼዋለሁ። አንድ ሰው ሠርቶ ሲታገድበት እገዳውን እንደ ሜዳልያ መልበሱ ልቤን ነካው።

ሩጅ የተባለው ሌላው የእንግሊዝ ፋብሪካ ተከተለ። የሩጅ መላ የኋለኛውንም ፑሊ አብሮ የሚከፍትና የሚዘጋ በረጅም እጀታ የሚሠራ ነበር። በ1914 ሲሪል ፑሊን በሩጅ መልቲ በአይል ኦፍ ማን ደሴት የሚደረገውን ትልቁን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሰንሰለትና የማርሽ ካምቢዮ አሸነፉ። የዚያ ዘመን ቺንጋ ዝናብ ሲነካው ይንሸራተት ነበርና መሸነፉ አያስገርምም። ግን ልብ በሉ፤ በዜኒትም በሩጅም ሸክሙን የሚሰማው የነጂው አካል ነው። ዳገቱን ዓይኑ ያያል፣ ድካሙን ጆሮው ይሰማል፣ እጁ ያዞራል።

እጁን ከሥራ ያስወጣው አሜሪካዊው ፎስተር ሳልስበሪ ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በካሊፎርኒያ «ሞተር ግላይድ» የተባለ ትንሽ ስኩተር ሠራ፤ በአሥርቱ ዓመት መጨረሻም በቺንጋና በሚወረወሩ ክብደቶች ራሱ የሚለዋወጥ ማስተላለፊያ ገጠመለት። ዛሬ መንገዱን የሞላው አውቶማቲክ ስኩተር ቅድመ አያቱ እሱ ነው። የሳልስበሪ ስኩተር ገበያው ብዙም አልቆየም፤ ማስተላለፊያው ግን በበረዶ ላይ በሚሄዱ ሞተሮች ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖረ።

ከሁሉም በላይ የማከብረው ግን ሆላንዳዊውን ኸብ ፋን ዶርነን ነው። ከወንድሙ ከዊም ጋር በአይንድሆቨን ከተማ በ1928 የጀመሩት ሥራ ከጊዜ በኋላ ዳፍ ተባለ። ተጎታች ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ ከባድ መኪና። በ1958 አምስተርዳም በተደረገው የመኪና ትርኢት ዳፍ 600ን ይዘው ቀረቡ። 590 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 22 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ መኪና። ማርሽ የሚባል ነገር የላትም፤ ከኋላ ሁለት የጎማ ቺንጋዎች አሉ፤ ስሙ «ቫሪዮማቲክ» ነው። ፋን ዶርነ የሚወረወሩትን ክብደቶች ብቻ አላመነም። ከሞተሩ የአየር መሳቢያ ቱቦ ቀጠለና የአየሩ ግፊት ራሱ ፑሊውን እንዲያግዝ አደረገ። ነጂው ዳገት ላይ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ በቱቦው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ይወድቃል፤ ፑሊውም ሸክም መምጣቱን ያውቃል። ቺንጋው ጆሮ አገኘ ማለት ነው። መኪናዋ ወደ ፊት የምትሄደውን ያህል ወደ ኋላም ትሮጥ ስለነበር ሆላንዶች ኋላ ላይ ዳፍን ወደ ኋላ የማሽቀዳደም ጨዋታ ፈጥረውበታል።

ብዙ ሰው ቫሪዮማቲክን የአሮጊት መኪና እያለ ንቆታል፤ ስህተት ነው። በ1993 የዊሊያምስ ቡድን ከፋን ዶርነ ሥራ የመጣውን የብረት ቺንጋ በፎርሙላ ዋን መኪና ላይ ገጥሞ በዴቪድ ኩልታርድ ነጂነት ሞክሮታል። ሞተሩ በታጠፈም በቀናም መንገድ ጉልበቱ ባለበት ዙር ላይ ቆሞ በአንድ ዜማ ይጮህ ነበር። ለ1994 የወጣው ደንብ ይህን ማስተላለፊያ ከለከለ። ከዜኒት በኋላ ሰማንያ ዓመት አልፎ ያው ቺንጋ ለሁለተኛ ጊዜ ታገደ።

ወደ ትንንሾቹ ልመለስ። በፈረንሳይ ሞቶቤካን የተባለው ፋብሪካ በ1949 ሞቢሌት የምትባለውን ባለሞተር ብስክሌት አወጣ። ከጊዜ በኋላ ቫሪያቶር፣ ማለትም ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ፑሊ፣ የተገጠመላት ሞቢሌት ሞተሯ በማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ በሞላ እየተሳበ ይወዛወዛል፤ የፊተኛው ፑሊ ሲሰፋ ሞተሩ ወደ ኋላ ጠጋ ይላል፣ ሲጠብ ይመለሳል። ቀላልና ርካሽ መላ ነው፤ ለሸክም ያለው ጆሮ ግን ደካማ። ጃፓኖች በ1980ዎቹ ሆንዳና ያማሃ እርስ በርስ ሲፎካከሩ ባወጧቸው ስኩተሮች ላይ ክብደቱን ከፊት፣ ሞላውንና ሰያፉን ስንጥቅ ከኋላ አድርገው፣ ሁሉንም በአንድ ክዳን ሥር ከትተው በብዛት ሠሩት። የያማሃ ጆግ በ1983 ነው የወጣችው። ያማሃ የከሰረውን ሞቶቤካንን ሲይዘው ስሙ ኤምቢኬ ሆነ፤ በ1990 አካባቢም ሞቢሌት ትሠራበት ከነበረው ቤት ቡስተር የምትባል ወፍራም ጎማ ያላት ስኩተር ወጣች፤ የአውሮፓን ወጣት አሳበደች። የቬስፓ ሠሪው ፒያጆ በዚያው ዓመት ስፌራን አመጣ። እኔ መጀመሪያ ክዳኗ ሲነሳ ያየኋት ስኩተር ስፌራ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ቦሎኛ መገኘት ለአንድ ሜካኒክ ምን ማለት እንደነበረ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ካልዴራራ ዲ ሬኖ ውስጥ ሚናሬሊ ሞተሩን ይሠራል፤ እዚያው ሰፈር ማሎሲ የማሻሻያ ዕቃውን ይሠራል። ማሎሲ በ1930 የተጀመረ ቤት ነው። በምሥራቅ በኩል ሳን ላዛሮ ውስጥ ማላጉቲና ኢታልጄት ስኩተር ይገጣጥማሉ። ራቅ ብሎ ቤርጋሞ አጠገብ ሌላው የማሻሻያ ዕቃ ሠሪ ፖሊኒ አለ። አንድ ዕቃ ከጎደለን በሞተር ሄደን ይዘን እንመጣለን። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ 50 ሲሲ ይነዳል። ከትምህርት ቤት እንደወጡ ጋራዡን ያጥለቀልቁታል፤ ኪሳቸው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ስድስት ሩሎ ይዘው ይመጣሉ። አምስት ግራም፣ አምስት ተኩል፣ ስድስት። በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይመዝናሉ። ቅዳሜ ሳን ሉካ ኮረብታ ላይ ይሞክራሉ።

ሳን ሉካ ከቦሎኛ በላይ የተቀመጠች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከከተማው እስከ እሷ 666 ቅስት ያለው ረጅም ሰቀላ መንገዱን ይዞ ይወጣል። በአስፋልቱ መንገድ ኦርፋኔሌ የሚባለው ጠመዝማዛ ላይ ዳገቱ ከ18 በመቶ ያላነሰ ነው። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ውሸት የለም። ሜዳ ላይ የሚበር ስኩተር እዚያ ሲደርስ ተንፍሶ ይቀራል፤ ሜዳ ላይ ዝም ያለው ደግሞ ሳይደክም ይወጣል።

ልጆቹ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ መነሻ ላይ መፈናጠርና መጨረሻ ላይ መብረር። ለመነሻው ቀላል ሩሎ ይከታሉ። ለመጨረሻው ሕጉ ለ50 ሲሲ በሰዓት 45 ኪሎሜትር ብቻ ስለሚፈቅድ ፋብሪካው ፑሊው እስከ መጨረሻው እንዳይዘጋ ያስገባውን ቀለበት ያወጣሉ። ያን ቀለበት እኔ በእጄ አላወጣሁም። በዚያ መንገድ የሞቱ ልጆች ቀብር ላይ ቆሜያለሁና አሁንም አላወጣም። መሀሉን ግን ማንም አይጠይቅም ነበር። ለሥራ የሚሄድ ሰው፣ ልጁን ከኋላ የጫነ፣ አውቶቡስ ቀድሞ ወደ ቦታው መመለስ ያለበት ሰው የሚኖረው ግን መሀሉ ላይ ነው።

ይህን በደንብ ያስተማረችኝ አንዲት የአገሬ ልጅ ናት። በ2001 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል መጣች። ሳን ሉካ አጠገብ ከኮረብታው ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ትጦር ነበር። ስኩተሯ ታይዋን ሠራሽ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይጮኻል እንጂ አይሄድም» አለችኝ። «ሜዳ ላይ ይጮኻል። ዳገቱ ሲጀምር ትንፍሽ ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ብድግ ያደርገኛል። አሮጊቷን ሐኪም ቤት መውሰድ ፈራሁ።»

«ማን ነካው፣ እህቴ?»

«ሌላ ጋራዥ። ለተራራ የሚሆን ዕቃ አደረግንልሽ አሉኝ። የግማሽ ወር ደሞዜን ነው የከፈልኩት።»

ክዳኑን ፈታሁ። ከፋብሪካው 13 ግራም የነበረውን ሩሎ አውጥተው 8 ግራም ከትተዋል፤ ሞላውንም በጠንካራ ቀይረዋል። የዙር መቁጠሪያዬን ሽቦ በካንዴላው ገመድ ላይ ጠምጥሜ ነዳሁት። ሜዳ ላይ በ45 ኪሎሜትር ፍጥነት ሞተሩ 9,000 ዙር ይመታል። የዚያ ዓይነት ሞተር ጉልበቱ ከዚያ በታች አልቋል፤ የቀረው ጩኸትና ቤንዚን ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ዙሩ መጀመሪያ ይወድቃል፣ ከዚያ በድንገት ይዘላል። ሩሎ እንዲህ አያደርግም። የሚጣበቅ ነገር ነው እንዲህ የሚያደርገው።

የኋለኛውን ፑሊ አውርጄ ሞላውን በመጭመቂያ ይዤ ፈታሁት። ሰያፎቹን ስንጥቆች የሸፈነውን ቀለበት ስስበው እንቢ አለ፤ ሲወጣ ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ጫማ ቀለም ጠጥሯል። ሁለቱ ፒኖች በጥፍሬ ስነካቸው ጎድጎድ ብለዋል። ሳህኑን በእጄ ለመጠምዘዝ ስሞክር ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ስገፋው ቀጭ ብሎ ያልፋል። ሴትዮዋ ዳገት ላይ ብድግ ያደርገኛል ያለችው ይህ «ቀጭ» ነው። ዳገቱን ለቺንጋው የሚነግረው አካል ታስሮ ነበር። እነዚያ ሰዎች ይህን ሳይከፍቱ ሩሎ ቀየሩላት።

አሮጌውን ግራሶ በቤንዚን አጠብኩ፣ ፒኖቹንና የዘይት መከላከያ ቀለበቶቹን ቀየርኩ፣ አዲስ ግራሶ በጥቂቱ አደረግሁ፤ በብዛት ከተደረገ ወደ ቺንጋው ይረጭና ያንሸራትተዋል። ሞላውን ወደ ፋብሪካው መለስኩ። ጠንካራ ሞላ ቺንጋውን ከልክ በላይ እያነቀ ያሞቀዋል፤ ጉልበት የሚመስለው ነገር ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሩሎው የመጣሁት። ሦስት ባለ 10 ግራምና ሦስት ባለ 12 እያፈራረቅሁ ከተትኩ፤ አንድ ዓይነት ክብደት አጠገብ ለአጠገብ ከተቀመጠ ፑሊው ሚዛኑን ያጣል። በፊተኛው ፑሊ ሳህን ላይ ከመሀል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር ሰመርኩ።

በሳን ሉካ ዳገት ከኋላዬ ጭኛት ወጣሁ። ኦርፋኔሌ ላይ መቁጠሪያው 7,000 አካባቢ ደርሶ እዚያው ቆመ። ጩኸቱ አልተለወጠም፤ ዜማው አንድ ነበር። ከላይ ስንደርስ ወርዳ ምንም ሳትናገር ስኩተሩን ዞራ አየችው። ጋራዥ ተመልሼ ክዳኑን ስፈታው ማርከሩ ከጠርዙ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቀርቶ ሌላው በቺንጋው ተጠርጓል። ቺንጋው መውጣት ያለበትን ያህል ወጥቷል ማለት ነው። ያን ስኩተር ሰባት ዓመት ነዳችው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ2004 ጀምሮ ጣልያን ውስጥ ለልጆች 50 ሲሲ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር በአየር ብክለት ደንብ ምክንያት ከገበያ ወጣ፤ ማላጉቲ በ2011 በሩን ዘጋ። ጋራዡ ውስጥ ኪሱ ሩሎ የሞላ ልጅ ካየሁ ቆየሁ። የኤሌክትሪክ ስኩተር ቺንጋም ሩሎም አያስፈልገውም፤ ሸክሙን በሽቦ ይሰማዋል። በዚህ አልከፋም። ነገር ግን በሮም፣ በቴል አቪቭ፣ በአዲስ አበባም ምግብና ዕቃ ሲያመላልስ ከሚውለው የወገን ልጅ ዛሬም ቺንጋ ያለውን የሚነዳው ጥቂት አይደለም፤ ጉልበት አነሰው ሲል የሚሸጥለትም ያው ሩሎ ነው።

ስለዚህ በሙያው ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ደንበኛ መጥቶ «መሀል መንገድ ላይ ይደክማል» ሲላችሁ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የኋለኛውን ፑሊ አውርዱ። ሳህኑን በእጃችሁ ጠምዝዙት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ «ቀጭ» መሄድ አለበት። ካልሄደ ፒኑን እዩ፣ ግራሶውን ቀይሩ፣ የቺንጋውን ስፋት በካሊፐር ለኩ። ሩሎውን የምትመዝኑት ከዚያ በኋላ ነው።